ዳሰሳ፣ የአካል አቀማመጥና ሕመም፦ ሰውነት እንዴት ያውቃል?

የአምቦ ውሃ ምላስ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው መቆንጠጥ ከጣዕም ወገን አይደለም፤ ከሕመም ወገን ነው። ጨውን፣ ጣፋጭንና መራራን ለአንጎል የሚነግሩት ነርቮች ሌሎች ናቸው። ቁንጥጫውን የሚያደርሰው የጥርስ ሕመምን፣ ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍንና የፊት ቃጠሎን የሚያደርሰው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ከምድር ጥልቀት ጋዙን ተሸክሞ የሚፈልቀውና ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው ይህ ውሃ የአምቦ ከተማን ስም በመላ አገሪቱ ያስጠራው በዚህች ትንሽ ሕመም ነው ማለት ይቻላል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው መቆንጠጡን የአረፋው ሥራ ያደርገዋል። አረፋው ምላስ ላይ ሲፈነዳ ስለሚታይና ስለሚሰማ ግምቱ የሚያስወቅስ አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን ነገሩን ፈተነው። ተሳታፊዎቹ የአየር ግፊቱ ከፍ ወዳለ ዝግ ክፍል ገብተው ጋዝ ያለው ውሃ ቀመሱ። በዚያ ግፊት አረፋ አይፈጠርም፤ መቆንጠጡ ግን እንደነበረ ቀጠለ። ምክንያቱ ኬሚካዊ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ አፍ ሽፋን ሲዘልቅ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለ ኢንዛይም ከውሃ ጋር አዋሕዶ አሲድ ያደርገዋል። አሲዱም በሕመም ነርቭ ጫፍ ላይ ያለውን ትሪፕ ኤ-1 የተባለ ፕሮቲን ይከፍታል። ሰናፍጭ አፍንጫን ሲሰነፍጥ፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም ምላስን ሲለበልብ የሚከፈተው ይኸው ፕሮቲን ነው። ለከፍታ ሕመም ወይም ለዓይን ግፊት አሴታዞላማይድ የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው የአምቦ ውሃም ሆነ ለስላሳ መጠጥ ጋዙ ያለቀ መስሎ ይሰማዋል። ጋዙ አላለቀም፤ መድኃኒቱ ያንን ኢንዛይም ስላገደው ነው።

ከዚህ አንድ ጉንጭ ውሃ የሚወጣው ነገር ለጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ ነው። በተለምዶ መዳሰስ ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ስሜት በውስጡ ብዙ ስሜቶችን ይዟል። ለስላሳ ንክኪ፣ ንዝረት፣ የቆዳ መወጠር፣ ሙቀት፣ ቅዝቃዜ፣ ሕመም፣ የእጅና የእግር አቀማመጥ፣ እያንዳንዱ የራሱ ተቀባይ፣ የራሱ የነርቭ ክርና ወደ አንጎል የሚያደርሰው የራሱ መንገድ አለው። ጤነኛ ሰው ሁሉንም በአንድነት ስለሚሰማቸው መለያየታቸው አይታወቀውም። በሽታ ሲመጣ ግን አንዱን ወስዶ ሌላውን ይተዋል፤ የትኛው ስሜት እንደጠፋ መለየትም በሽታው የት እንዳለ ያመለክታል።

ከቆዳ እንጀምር። ጸጉር በማይበቅልበት የመዳፍና የጣት ጫፍ ቆዳ ሥር አራት ዓይነት የንክኪ ተቀባዮች አሉ። ስማቸውን ያገኙት በ19ኛው መቶ ዘመን በማይክሮስኮፕ ካገኟቸው ሊቃውንት ነው፦ ማይስነር፣ መርክል፣ ፓቺኒና ሩፊኒ። የመርክል ተቀባዮች ከቆዳው ገጽ አጠገብ ሆነው የነገሮችን ጠርዝና ሻካራነት ይናገራሉ፤ ግፊቱ እስካለ ድረስም ዝም አይሉም። የማይስነር ተቀባዮች የሚነቁት ነገር ሲንቀሳቀስ ነው። የቡና ሲኒ ከጣት መካከል መንሸራተት ሲጀምር፣ ባለቤቱ ሳያስብ ጣቶቹ ጠበቅ የሚሉት በእነርሱ ምክንያት ነው። የሩፊኒ ተቀባዮች የቆዳን መወጠር ይከታተላሉ። ከሁሉ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠው የፓቺኒ አካል እንደ ሽንኩርት በተደራረበ ልጣጭ የተሸፈነ ሲሆን፣ የሚነቃው በንዝረት፣ በተለይም በሰከንድ 200 እስከ 300 ጊዜ በሚርገበገብ ንዝረት ነው። የገበሬ እጅ በእርፉ በኩል ማረሻው ድንጋይ መምታቱን የሚያውቀው ከመሬቱ ጋር ሳይነካካ ነው፤ ንዝረቱ እንጨቱን ተከትሎ ወጥቶ የፓቺኒን አካል ይደርሰዋል።

ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ባደረጉት ቆጠራ በአንድ መዳፍ ውስጥ ወደ 17,000 የሚጠጉ የንክኪ ነርቭ ክሮች እንዳሉ ገምተዋል። ክፍፍላቸው ግን እኩል አይደለም፤ ጣት ጫፍ ላይ ይታጨቃሉ፣ ወደ መዳፉ ሲወርዱ ይሳሳሉ። ጀርመናዊው ኤርንስት ሃይንሪሽ ቬበር በ1834 ባሳተመው ሥራ ይህን በቀላል ዘዴ ለክቶታል። የኮምፓስ ሁለት ጫፎች ቆዳ ላይ ያርፉና ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ወይስ ሁለት እንደሆኑ ይጠየቃል። ጣት ጫፍ ላይ በሁለት ወይም በሦስት ሚሊ ሜትር የተራራቁ ነጥቦች ሁለት ሆነው ይሰማሉ፤ ጀርባ ላይ ግን ልዩነቱ ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ አንድ ሆነው ይቀራሉ። የብሬል ነጥቦች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል መሆኑ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብሬል የተማረ ልጅ የሚያነበው የሰው ጣት ሊለይ በሚችለው የመጨረሻ ወሰን አጠገብ ነው። ልምምዱ ጣቱን አይለውጠውም፤ የሚለወጠው ከጣቱ የሚመጣውን መልእክት የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ነው።

ጥርስም ይዳስሳል። የጥርሱ ውጫዊ ሽፋን ስሜት ባይኖረውም ሥሩን ከመንጋጋ ጋር የሚያያይዘው ስስ ጅማት በተቀባዮች የተሞላ ነው። ጤፍ በሚበላበት አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። እንጀራ ውስጥ የገባች፣ ዓይን የማያያት፣ ጣትም ያላገኛት የአሸዋ ቅንጣት በሁለት ጥርሶች መካከል ስትገባ ወዲያው ትታወቃለች፤ መንጋጋም በዚያው ቅጽበት ማኘኩን ያቆማል።

ግፊት እንዴት ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት እንደሚለወጥ ለረጅም ጊዜ ምሥጢር ነበር። በቤይሩት ተወልዶ ያደገው አርደም ፓታፑቲያንና የሥራ ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ሲነኩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ህዋሳትን አገኙ። ከዚያም ለዚህ ምላሽ ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ ብለው የመረጧቸውን 72 ጂኖች አንድ በአንድ እያጠፉ ህዋሳቱን በቀጭን የብርጭቆ ዘንግ መንካት ጀመሩ። ፍለጋው እስከ ዝርዝሩ መጨረሻ ወሰዳቸው፤ ያኛው ጂን ሲጠፋ ህዋሱ ለንክኪ መልስ መስጠቱን አቆመ። በ2010 ይፋ የሆነው ይህ ፕሮቲን ፒዬዞ-1 ተባለ፤ ዘመዱ ፒዬዞ-2ም ተከትሎ ተገኘ። ቆዳ የሚዳስሰው በዋናነት በፒዬዞ-2 ነው። ፕሮቲኑ የህዋሱን ሽፋን ሰንጥቆ የተቀመጠ በር ነው፤ ሽፋኑ ሲወጠር ይከፈታል፣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ አዮኖችም ወደ ውስጥ ይፈሳሉ።

ከዓመታት በኋላ ሐኪሞች ፒዬዞ-2 ሳይሠራላቸው የተወለዱ ሰዎችን አገኙ። በ2016 የታተመው ዘገባ የሁለት ሕሙማንን ሁኔታ ይገልጻል። ሙቀትና የመወጋት ሕመም ይሰማቸዋል፤ በተለይ በመዳፋቸው ላይ ግን ንዝረትና ቀላል ንክኪ አይሰማቸውም። ከዚህ ይልቅ ሐኪሞቹን ያስገረመው ዓይናቸው ሲሸፈን የሆነው ነው። መራመድ አልቻሉም፤ ይንገዳገዳሉ፣ ይወድቃሉ። ሌላ ሰው እጃቸውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲያንቀሳቅሰው የት እንደደረሰ መናገር ተሳናቸው። ቆዳን የሚያገለግለው ያው ፕሮቲን የአካልን አቀማመጥም የሚናገር መሆኑ በእነዚህ ሰዎች ላይ በግልጽ ታየ።

ይህ የአቀማመጥ ስሜት ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ልጆችም በትምህርት ቤት አይቆጥሩትም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን በ1906 የራሱ ስም ሰጥቶት ከሌሎቹ ስሜቶች ተርታ እስኪያሰልፈው ድረስ ሳይንስም ቢሆን በቂ ትኩረት አልሰጠውም ነበር። ያለ እርሱ ግን ቁራሽ እንጀራ ወደ አፍ ማድረስ እንኳ ዓይንን ተክሎ መከታተልን ይጠይቃል። ዋናው መሣሪያ በጡንቻ ውስጥ ያለ፣ ሁለት ጫፉ የቀጠነ፣ ከጡንቻው ክሮች ጋር ጎን ለጎን የተኛ ትንሽ አካል ነው። ጡንቻው ሲሳብ አብሮ ይሳባል፤ ምን ያህል እንደተሳበና በምን ፍጥነት እንደተሳበ ይናገራል። ጡንቻው ከአጥንት ጋር በሚያያዝበት ጅማት ላይ ደግሞ ጣልያናዊው ካሚሎ ጎልጂ የገለጸው ሌላ ተቀባይ አለ፤ እርሱ የሚለካው ጡንቻው የሚጎትትበትን ኃይል ነው። መገጣጠሚያዎችና በላያቸው የሚወጠረው ቆዳም የየበኩላቸውን ይጨምራሉ፤ የውስጥ ጆሮ ደግሞ ጭንቅላት ወዴት እንዳዘነበለ ይናገራል።

አንጎል የእጁን ቦታ የሚያውቀው እጁን አይቶ ሳይሆን ከጡንቻው የሚመጣውን ዘገባ አምኖ መሆኑን በቀላል ሙከራ ማሳየት ይቻላል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ክንዱ ላይ ያለው ትልቅ ጡንቻ ጅማት በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል በሚርገበገብ መሣሪያ ሲነካ፣ ክንዱ ሳይንቀሳቀስ የተዘረጋ ሆኖ ይሰማዋል። ንዝረቱ በጡንቻው ውስጥ ያለውን ተቀባይ ስለሚቀሰቅሰው አንጎል ጡንቻው ተስቧል ብሎ ይረዳል። ጣቶቹ አፍንጫውን ይዘው ከሆነ ደግሞ አፍንጫው የረዘመ ይመስለዋል።

በጄልዱ ወረዳ የተወለደው የምዕራብ ሸዋው ሯጭ ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ እግሩ መሬት የረገጠው ከሰከንድ ሩብ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ቁርጭምጭሚቱ የመሬቱን ዘንበል ማለት ማወቅና የባቱን ጡንቻ ማስተካከል ነበረበት። ሯጩ ይህን አስቦ ሊያደርገው አይችልም፤ ጊዜ የለም። የባት ጡንቻ ድንገት ሲሳብ መልእክቱ ህብለ ሰረሰር ደርሶ መልሱ ጡንቻው ላይ እስኪታይ የሚወስደው ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ያልራቀ ጊዜ ነው፤ አንጎል የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪም የጉልበትን ጅማት በትንሽ መዶሻ መትቶ እግሩ ብድግ ሲል የሚፈትነው ይህንኑ አጭር መንገድ ነው። በደጋው ጭቃና ድንጋይ ላይ በባዶ እግር የሚያድግ ልጅ ይህን ሥርዓት ከእግሩ ቆዳና ከቁርጭምጭሚቱ ጡንቻ በሚመጣ የማያቋርጥ መልእክት ሲገራው ያድጋል።

የነርቭ ክሮች ፍጥነት አንድ አይደለም። ወፍራሞቹና ማይሊን በተባለ ቅባታማ ሽፋን የተጠቀለሉት የንክኪና የአቀማመጥ ክሮች መልእክታቸውን በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ ያስሮጣሉ። ቅዝቃዜንና ስለታም ሕመምን የሚሸከሙት ቀጫጭን ክሮች በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛሉ። ሽፋን የሌላቸው፣ ከሁሉ የቀጠኑት ክሮች ደግሞ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳሉ፤ ሰው ቀስ ብሎ እንደሚራመደው ማለት ነው። የእግር ጣት በድንጋይ ሲመታ መጀመሪያ መመታቱ ይታወቃል፣ ወዲያው ስለታም ሕመም ይከተላል፣ ከአፍታ በኋላ ደግሞ ያ የሚጠዘጥዘውና የሚያንገበግበው ሕመም ይመጣል። አደጋው አንድ ነው፤ ዜናው ግን በሦስት መልእክተኞች እየተከታተለ ይደርሳል። ከእነዚህ ቀርፋፋ ክሮች መካከል ሕመም የማይሸከሙም አሉ። ጸጉር ባለበት ቆዳ ላይ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት፣ የሰው እጅ ሙቀት ባለው ነገር ለሚደረግ ለስላሳ መዳበስ የተመደቡ ናቸው። እናት ልጇን ስትዳብስ እጇ ማንም ሳይነግራት የሚይዘው ፍጥነት ይኸው ነው።

መንገዶቹ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ሲገቡ ይለያያሉ። የንክኪ፣ የንዝረትና የአቀማመጥ መልእክቶች በገቡበት ጎን በጀርባ በኩል ቀጥ ብለው ይወጡና ወደ ሌላው ወገን የሚሻገሩት የአንጎል ግንድ ሲደርሱ ነው። የሕመምና የሙቀት መልእክቶች ግን እንደገቡ ወዲያው ተሻግረው በፊት ለፊትና በጎን በኩል ይወጣሉ። ሞሪሸስ ደሴት ላይ የተወለደው ሻርል ኤድዋር ብራውን-ሴካር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ይህን ከጉዳት ተረዳው። ህብለ ሰረሰሩ በአንድ ጎን ብቻ በስለት የተቆረጠ ሰው ከቁስሉ በታች በዚያው ጎን መንቀሳቀስና አቀማመጥን ማወቅ ያቅተዋል፤ ሕመምና ሙቀት የማይሰማው ግን በተቃራኒው ጎን ነው። ሁለቱም መንገዶች ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል አልፈው ወደ አንጎል ቅርፊት ይደርሳሉ። እዚያ ከንፈርና ጣት ከመላ ጀርባና ወገብ የበለጠ ስፍራ ይዘዋል፤ ካናዳዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ በ1930ዎቹ የነቁ ሕሙማንን አንጎል በኤሌክትሪክ እየነካ ካርታውን አውጥቷል።

ህብለ ሰረሰር ሙሉ በሙሉ ወይም በብዙ ሲጎዳ የሚሆነውን ኢትዮጵያውያን በአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ያውቁታል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የመንገዱን ድንጋይና አስፋልት በእግሩ ቆዳ እያነበበ ነበር። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ አንገቱ አካባቢ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታክሞ የእጆቹ ኃይል ሲመለስ የእግሮቹ ግን አልተመለሰም። ከእግሮቹ ጡንቻና ቆዳ የሚነሳው መልእክት ወደ ላይ ማለፍ አልቻለም፤ ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝም እንዲሁ። አበበ በ1970 በዚያው ስቶክ ማንደቪል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እንዲህ ላለ ሕሙም ከሚታየው የመንቀሳቀስ ማጣት ይልቅ የስሜት ማጣቱ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጤነኛ ሰው ሲቀመጥ በየጥቂት ደቂቃው ሳያውቀው ይገላበጣል፣ የተጫነው ቆዳ ስለሚቆረቁረው። የማይቆረቁረው ሰው ሥጋው ደም አጥቶ እስኪቆስል ድረስ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል።

በተቃራኒው የእንቅስቃሴው መንገድ ብቻ ተጎድቶ ስሜቱ የሚቀርበትም በሽታ አለ። በድርቅ ዘመን ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያን ለወራት ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች እግራቸው ደርቆ በእግር ጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ሲራመዱ፣ ብሎም በምርኩዝ ሲደገፉ በጎንደር ደምቢያና ፎገራ በብዛት ታይቷል። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ጡንቻ የሚያዝዙትን የነርቭ ህዋሳት ይጎዳል እንጂ ንክኪም ሕመምም እንደነበሩ ይቀራሉ። የቫይታሚን ቢ-12 እጥረት ደግሞ የህብለ ሰረሰርን የኋላ መንገድ ይመታል። ሕመም እያለ አቀማመጥ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ሰው ቀን ላይ ደህና ይሄዳል፣ ጨለማ ሲሆን ወይም ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን ሲጨፍን ግን ይንገዳገዳል። ሐኪም እግሩን ገጥሞ እንዲቆምና ዓይኑን እንዲጨፍን የሚያዝዘው ይህን ለማየት ነው።

ወደ ሕመም ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም ሕመም ከሌሎቹ ይልቅ ከአንጎል ፈቃድና ከሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። መነሻው ግን ያው የነርቭ ጫፍ ነው። ዴቪድ ጁሊየስ በሳን ፍራንሲስኮ በ1997 ያገኘው ተቀባይ የሚከፈተው ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ባለ ሙቀት ነው፤ በዚያው ልክ ደግሞ ካፕሳይሲን በተባለው የበርበሬ ንጥረ ነገር ይከፈታል። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ምግቡ ቀዝቅዞ ሳለ አፍ በእውነተኛ እሳት የተነካ ያህል ይነድዳል፣ ፊትም ያልባል፤ ነርቩ ሁለቱን መለየት አይችልም። ጁሊየስና ፓታፑቲያን ለእነዚህ ግኝቶች በ2021 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። ቆዳ ሲቆስል ወይም በፀሐይ ሲቃጠል የተጎዱት ህዋሳት የሚያፈሱት ንጥረ ነገር ይህን በር በትንሽ ሙቀት የሚከፈት ያደርገዋል። በጤናው ጊዜ የሚያስደስት ለብ ያለ ውሃ ያን ጊዜ እንደ ፈላ ውሃ የሚለበልበው ስለዚህ ነው። አስፕሪን የሚሠራው ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማድረግ ነው።

መልእክቱ ህብለ ሰረሰር ሲደርስ ሳይታይ አያልፍም። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት በወፍራሞቹ የንክኪ ክሮች የሚመጣ መልእክት በህብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመሙን ማለፊያ ያጠብበዋል። የዝርዝሩ ክፍል በኋላ ቢሻሻልም ዋናው ሐሳብ ጸንቷል። ጉልበቱን የተመታ ልጅ እየጮኸ የሚያሸው፣ ቅቤ ቀብቶ የሚያሽ እጅም ሕመምን የሚያቀልለው በዚህ ነው። ከላይም ትእዛዝ ይወርዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር ከባድ ቁስል ይዘው ሞርፊን የማይጠይቁ ብዙ ወታደሮችን አይቷል። አንጎል ራሱ ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር እንደሚሠራ ደግሞ በ1975 በስኮትላንድ ታወቀ። ስለዚህ የሕመም መጠን የቁስል መጠን መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ ትልቅ ቁስል ያልታመመበት ሰው ጀግና፣ ትንሽ ቁስል ያሳመመው ሰው ፈሪ የሚባልበት ምክንያት የለም።

ሕመም ማስጠንቀቂያ ሆኖ ሊደመጥ ከሚገባባቸው ጊዜያት አንዱ በገጠር የተለመደ ነው። ክንዱ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። ጥሩ ወጌሻ የአጥንቱን መገጣጠም በጣቶቹ ያነብባል፤ ይህ የተከበረ ሙያ ነው። አደጋው ያለው በማሰሪያው ጥብቀት ላይ ነው። የተሰበረው አካል በየሰዓቱ ያብጣል፣ ማሰሪያው ግን አይሰፋም፤ ደም መግባት ያቅተዋል። መጀመሪያ ከስብራቱ የበለጠ እያደር የሚጨምር ሕመም ይመጣል፣ ጣቶችን ሲዘረጉም ይብሳል። ከዚያ ጣቶቹ ይነዝራሉ፣ በመጨረሻም ይደነዝዛሉ። ቤተሰብ ሕመሙ ቀነሰለት ብሎ የሚደሰተው በዚህ በመደንዘዙ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ የቀነሰው ግን ነርቩ ደም አጥቶ ዝም ስላለ ነው። ማሰሪያው በዚያ ጊዜ ካልተፈታና ሆስፒታል ካልተደረሰ አካሉ ሞቶ መቆረጥ የሚያስፈልግበት ሁኔታ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የሚታይ ነው።

ሕመም ጨርሶ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከሥጋ ደዌ የበለጠ ያስተማረ በሽታ የለም፤ ለዚህም ትምህርት ኢትዮጵያ ትልቅ ስፍራ አላት። አለርት የተባለው የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1965 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ በአጠገቡ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ ስሙ ባክቴሪያውን በ1873 ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ለዘመናት ሰዎች በሽታው ራሱ ጣትን የሚያበሰብስ ይመስላቸው ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሕሙማን ከቤትም ከገበያም ተገፍተዋል። ህንድ ውስጥ በቬሎር ይሠራ የነበረው ሐኪም ፖል ብራንድ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባደረገው ክትትል የሆነው ሌላ መሆኑን አሳየ። ጣትን የሚያጠፋው ባክቴሪያው ሳይሆን ሕመም የማይሰማው እጅ በየቀኑ የሚደርስበት ቃጠሎ፣ መቆረጥና መጫን ነው።

ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ይወድዳል፤ ስለዚህ ከቆዳ አጠገብ የሚያልፉትን ነርቮች ይመርጣል፣ በተለይ በክርን ጀርባ የሚያልፈውን፣ ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረውን ነርቭ። እዚያም ነርቩን በሚጠቀልሉት ህዋሳት ውስጥ ይኖራል። መጀመሪያ ሙቀትና ቅዝቃዜን መለየት ይጠፋል፣ ከዚያ ሕመም፣ ቀጥሎ ቀላል ንክኪ። በጥልቅና በሞቀ ስፍራ ያሉት የጡንቻና የመገጣጠሚያ ስሜቶች ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋሉ። ስለዚህ ሕሙሙ ዓይኑን ጨፍኖ እጁ የት እንዳለ ያውቃል፣ ሥራውንም እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እጇ ብርቱ የሆነ ሴት የጋለ ምጣድና የፈላ ጀበና እንደ ድሮዋ ታነሣለች፣ የተላጠውን ቆዳ የምታየው ማታ ነው። ገበሬው ጫማው ውስጥ የገባች እሾህ ይዞ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ቁስሉ ስለማያመው አያሳርፈውም፣ ስለማያሳርፈውም አይድንም፤ እያደር አጥንት ይደርሳል።

ሥጋ ደዌ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ባጸደቀው የመድኃኒቶች ጥምር ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለ ጊዜ ይድናል። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ የሞተው ነርቭ ግን አይመለስም። የነርቭ ጉዳት በተጀመረ በስድስት ወር ውስጥ ከተደረሰበት ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ስሜቱን ሊመልስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። የጤና ባለሙያ ሕሙሙን ዓይኑን አስጨፍኖ መዳፉንና የእግሩን ሥር በጥጥ፣ በስክሪፕቶ ጫፍ ወይም በቀጭን የናይለን ክር እየነካ በየጊዜው የሚመረምረው ይህችን ጊዜ እንዳታልፍ ነው። ቆዳ ላይ የወጣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት የሚደነዝዝ ከሆነ፣ ባያሳክክም ባያምም፣ ጤና ጣቢያ መሄጃው ያን ጊዜ ነው። ሕመም ስለሌለው የሚዘገይ ሰው የሕመሙ አለመኖር ራሱ ምልክቱ መሆኑን ስቷል።

በከተሞች እየበዛ ያለው የስኳር ሕመም ተመሳሳይ ጉዳት የሚያደርሰው በሌላ ቅደም ተከተል ነው። እርሱ የሚመርጠው ረጅም ነርቭን ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱም እግር ጣቶች ይጀምርና የእግር ሹራብ እንደሚሸፍነው ልክ ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ሕሙማን መጀመሪያ የሚያማርሩት ሌሊት በሚብስ የማቃጠልና የመንዘር ስሜት ነው፤ የተጎዳው ነርቭ ራሱ ባዶ መልእክት እየላከ ነው። በኋላ ያ ይቆምና መደንዘዙ ይቀራል። ምርመራው በ10 ግራም ጫና የሚታጠፍ የናይለን ክርና በሰከንድ 128 ጊዜ የሚርገበገብ የብረት ሹካ ብቻ ይፈልጋል፤ ክሩ ሲጫን ያልተሰማው እግር ለቁስል የተጋለጠ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ዓይን ነው፦ በየማታው የእግርን ሥር በመስተዋት ወይም በሌላ ሰው እርዳታ ማየት፣ ጫማ ከመልበስ በፊት ውስጡን በእጅ መፈተሽ፣ ውሃ ሞቆ እንደሆነ በእግር ሳይሆን በክርን መለካት፣ በባዶ እግር አለመሄድ።